ከባሕር በታች የሚታረስ መሬት

እስቲ ዛሬ ባሕር ተሻግረን ኔዘርላንድን እንያት። አገሯ በአውሮፓ፣ በሰሜን ባሕር ዳር ትገኛለች። ስሟ «ዝቅተኛ አገር» ማለት ነው። እውነትም ከመሬቷ ሩብ ያህሉ ከባሕር ወለል በታች ነው። አንዳንዱ ቦታ ከ6 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል።

አሁን አንድ ነገር እንጠይቅ። ባሕሩ ለምን አይውጣትም? ሰዎቹ በዳር በዳሩ ግድብ ሠሩ፤ በውስጡ ቦይ ቆፈሩ፤ ውሃውን እየሳቡ ወደ ባሕር መለሱት። ድሮ ውሃውን የሚስበው በነፋስ የሚዞር መዘውር ነበር፤ ዛሬ ሞተር ነው። በደረቀው መሬት ላይ ላም ይሰማራል፤ ድንች ይበቅላል።

ግን ባሕር አይተኛም። በ1945 ዓ.ም. በጥር ወር፣ በሌሊት፣ ማዕበል ግድቡን ሰበረ። በዚያች አገር 1,836 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ የበለጠ ጠንካራ ግድብ ሠሩ። ሆኖም ውሃው የተሳበለት ረግረግ እየደረቀ ዝቅ ይላል፤ ዓለም ስለሞቀች ደግሞ ባሕሩ ከፍ እያለ ነው።

ግድብ በአንድ በኩል ቢሸነቆር ውሃው የእገሌ እርሻ ብሎ አይመርጥም። ስለዚህ ከ700 ዓመት በፊት የተጀመረ የውሃ ማኅበር አላቸው። ለግድቡ ሁሉም ያዋጣል። ሥራው አያልቅም፤ እነሱም አይተዉትም።