ለውሑ ይታጠባል፣ አማናው ይጻፋል



ለሰርቨር ፕሮግራም የምንጽፍ ተማሪዎች አንድ ልማድ አለን፤ ለአፍታ ብቻ የሚፈለግ መረጃ ሲመጣም ጊዜያዊ የዳታቤዝ ፋይል እንከፍታለን። የረመዷንን የኢፍጣር ምዝገባ እንውሰድ። ከዐስር ሶላት በኋላ ተማሪው በስልኩ «ዛሬ አለሁ» ይላል፣ ፕሮግራሙ ይቆጥራል፣ ወጥ ቤት ያሉ እህቶችና ወንድሞች ለስንት ሰው እንደሚያዘጋጁ ያውቃሉ። መግሪብ ካለፈ ያ ቁጥር ለማንም አይጠቅምም።

ይህን በፋይል ስናስቀምጥ እያንዳንዱ ምዝገባ እስከ ዲስኩ ይወርዳል። ኤስኪውላይት በአንድ ጊዜ የሚፈቅደው ለአንድ ጸሐፊ ብቻ ስለሆነ፣ ብዙ ሰው ባንዴ ሲመጣ የቀረው ወረፋ ይይዛል፤ ሲብስም ዳታቤዙ ተቆልፏል ይባላል። ፕሮግራሙ መሐል ላይ ከቆመ ደግሞ ማንም የማያጠፋው ፋይል ተርፎ ይቀራል።

ቀለል ያሉ አማራጮች በሜሞሪ ውስጥ አሉ። ፕሮግራሙ አንድ ብቻ ከሆነ፣ የመታወቂያ ቁጥርን ከመልሱ ጋር የሚያያይዝ የፓይተን ዲክሽነሪ ይበቃል። መደርደርና ማጣራት ካስፈለገ ኤስኪውላይት ራሱ ያለ ፋይል በሜሞሪ ይከፈታል፤ ሆኖም እያንዳንዱ ግንኙነት የየራሱን ባዶ ዳታቤዝ እንዳይከፍት በአንዱ መጋራት ያስፈልጋል። ብዙ ፕሮግራሞች አንድ መረጃ የሚጋሩ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ሜምካሽድ ወይም በ2009 የመጣው ሬዲስ አለ። ሁለቱም ለመረጃው የማብቂያ ሰዓት እንድንሰጠው ያስችሉናል። ሜሞሪ ጠባብ ስለሆነ ይህ ሰዓት ሊረሳ አይገባም።

መድረሳ የቀራን ሰዎች ይህን ከለውሕ እናውቀዋለን። የዕለቱን ትምህርት በእንጨቱ ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን፣ ስንሐፍዘው አጥበን ቀጣዩን እንጽፋለን። መታጠቡ ጉድለት አይደለም፤ ለዚያው የተሠራ ነው።

ሁሉም ነገር ግን አይታጠብም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ካረፉ ብዙም ሳይቆይ በየማማህ ጦርነት በርካታ ሐፊዞች ሸሂድ ሲሆኑ፣ ዑመር (ረ.ዐ) ለአቡበክር (ረ.ዐ) ቁርኣኑ እንዲሰበሰብ ሐሳብ አቀረቡ፤ ዘይድ ኢብን ሣቢትም (ረ.ዐ) ከተበታተኑ ጽሑፎችና ከሰዎች ልብ ሰበሰቡት። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ አል-በቀራህ 282፣ የሚናገረውም ብድርን ስለ መጻፍ ነው።

እዚህ ባሕር ዳር የጢስ ዓባይ ውኃ እ.ኤ.አ. በ1964 መብራት ማመንጨት ጀመረ፤ መብራት መጥፋቱ ግን አልቀረም። መብራት ሲጠፋ በሜሞሪ ያለው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ከፍጥነቱ በፊት እንዲህ ብለን እንጠይቅ፦ አሁን ቢጠፋ የማን ሐቅ ይጠፋል? የኢፍጣር ቁጥር ቢጠፋ ሰዉን ዳግም እንጠይቃለን። ለዚያም ቢሆን ከመግሪብ ሁለት ሰዓት በፊት ድምሩን ለወጥ ቤት በስልክ መልእክት መላክ ጥሩ ነው፤ ጾመኛ ያለ ምግብ እንዳይቀር። ሰደቃ የሰጠ፣ ከጀመዓው ገንዘብ የተበደረ፣ የመጽሐፍ መዋጮ የከፈለ ሰው ስም ግን አማና ነው። እርሱ ወደ ዲስክ ይውረድ፣ ቅጂውም ሌላ ቦታ ይቀመጥ፤ ቢዘገይም ይዘግይ።

በዚህ ሴሚስተር ለጀመዓው ፕሮግራም የምንሠራ ሁሉ፣ ኮዱን ከመጀመራችን በፊት መረጃውን በሁለት ዝርዝር እንክፈለው፤ የሚታጠበው በአንዱ፣ የሚጻፈው በሌላው። የምንጠራጠርበትን ከሚጻፈው ጋር እናድርገው። ወላሁ አዕለም።