የተደባለቀ ቀለሃ

እኛ የወልቂጤና የቡታጅራ ልጆች ወጅግራን የምናውቀው ከሽማግሌ ጨዋታ ነው። የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ፣ የ1874 (እ.ኤ.አ.) ሥሪት፣ ባገራችን አፍ «ወጅግራ» ተባለ። ጥይቱ በገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። ባዶው ቀለሃም ቢሆን አይጣልም፤ ባሩድና እርሳስ ጎርሶ ዳግም ይተኮሳል።

ታዲያ ናስ ሁሉ አንድ ነው እንዴ? አይደለም! ከውጭ እኩል የሆኑ ቀለሃዎች ከውስጥ ይለያያሉ። ግድግዳው የወፈረው ሆዱ ጠባብ ነው፤ በዚያው የባሩድ ልክ ግፊቱ ይንራል። ብዙ ጊዜ የተተኮሰውም ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አዋቂ ሰው ቀለሃውን በቂጡ ማኅተም ይለያል፣ የተሰነጠቀውን ይጥላል፣ ባሩዱን ከዝቅተኛው ልክ ይጀምራል። አለዚያ ጠመንጃው የሚፈነዳው በገዛ ተኳሹ ፊት ነው።

እኛንስ ከየአገሩ ሰብስቦ፣ ሆዳችንን ሳያይ፣ ባንድ ልክ የሚሞላን ማነው?