ከንጉሡ ጋር የተቀበሩት

በቻይና ጓንዡ ከተማ መሀል፣ በናንዩዌ ንጉሥ መቃብር ላይ በተሠራው ሙዚየም ውስጥ ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ የሚከብበው አንድ ነገር ነው፦ የንጉሡ የጄድ ልብስ። እውነትም ያስደንቃል። 2,291 የጄድ ቁራጮች አንድ በአንድ ተሞርደው፣ በሐር ክር ተያይዘው አስከሬኑን ከራስ ቅሉ እስከ እግር ጣቱ ሸፍነውታል። የዘመኑ ሰዎች ይህ አረንጓዴ ድንጋይ ሥጋን ከመበስበስ ይጠብቃል ብለው ያምኑ ነበር። ድንጋዩ ዛሬም አለ። ከንጉሡ የተረፈው ግን ስብርባሪ አጥንትና ጥርስ ነው።

ንጉሡ ዣኦ ሞ ይባላል። አያቱ ዣኦ ቱኦ የቺን ጦር አዛዥ ነበር፤ የቺን መንግሥት ሲፈርስ በደቡብ ቻይና ናንዩዌ የተባለ የራሱን መንግሥት አቋቋመ። የልጅ ልጁ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ122 ገደማ ሲሞት ከኮረብታ አናት 20 ሜትር ያህል ወደ ታች ተቆፍሮ፣ በድንጋይ በተሠሩ ሰባት ክፍሎች ውስጥ ተቀበረ። እ.ኤ.አ. በ1983 ለሕንፃ ግንባታ ኮረብታው ሲደለደል ሠራተኞች የመቃብሩን ድንጋይ እስኪያገኙት ድረስ የመቃብር ዘራፊ አልደረሰበትም። የወርቅ ማኅተሙም በዚያው ተገኘ። ከቺን በኋላ ቻይናን ለገዛው ለሀን ቤተ መንግሥት ተገዢ ንጉሥ የነበረው ሰው በዚህ ማኅተም ላይ ራሱን ንጉሠ ነገሥት ብሎ አስቀርጿል።

እኔን ያስቆመኝ ግን ዕጣኑ ነው። በመቃብሩ የዕቃ ክፍል በትንሽ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ የተገኘ፣ 26 ግራም ብቻ የሚመዝን። ዕጣን የሚያፈሱት ዛፎች ከሚበቅሉባቸው ቦታዎች ዋናዎቹ የእኛ ቀጣናና ማዶው የዓረብ ምድር ናቸው፤ እኛ ዘንድ መተማና ሁመራ ቆላ ያለ ሰው ዛፉን ያውቀዋል። በዚያው የዕቃ ክፍል አምስት ትልልቅ የዝሆን ጥርሶች ተደርድረው ተገኝተዋል፤ የመረመሯቸው ባለሙያዎች የአፍሪካ ዝሆን ናቸው ብለዋል። አክሱም ገና ታላቅ መንግሥት ሳትሆን ማለት ነው! በስንት እጅ፣ በስንት ጀልባ አልፎ እዚያ እንደደረሰ ሳስበው ቆሜ ቀረሁ። ስለ ቻይናና አፍሪካ ሲወራ ታሪኩ ትናንት በመንገድ ሥራ የተጀመረ የሚመስለው ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ ትንሽ ቢቆይ ደስ ይለኛል።

ያ ሁሉ ሀብት ግን ብቻውን አልተቀበረም። ንጉሡን እንዲከተሉ የተገደሉ 15 ሰዎች አሉ። አራቱ ሚስቶቹ ናቸው፤ ማዕረጋቸውን የሚገልጹ ማኅተሞች አብረዋቸው ስለተገኙ ማን እንደነበሩ በመጠኑ ይታወቃል። አንዱ ሙዚቀኛ ሳይሆን አይቀርም፤ የነሐስ ደወሎቹ ባሉበት ክፍል ነው የተገኘው። ከደወሎቹ ስምንቱ ላይ በንጉሡ 9ኛ ዓመት፣ ማለትም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ129፣ እንደተሠሩ ተጽፏል። ደወል ሲሠራ ዓመቱ ይጻፋል፤ ደወል የሚመታው ሰው ስም አልተጻፈም። ሰባቱ ደግሞ አገልጋዮች ናቸው፤ ባንድ ጠባብ ክፍል ለእርድ ከቀረቡ እንስሳት ጋር አብረው ተቀብረዋል።

አስጎብኚዎች ይህን ክፍል ቶሎ ያልፉታል። አልወቅሳቸውም፤ የሚታይ ወርቅ የለበትም። እኔ ግን የሙዚየሙ እውነተኛ ክብደት እዚህ ይመስለኛል። ያቺ ንጉሡን ስታጎርስ የኖረች ሴት፣ ያ በር ላይ የቆመ ጠባቂ፣ ንጉሡ መታመሙን ሲሰሙ ሌሊቱን እንዴት አሳለፉት? እናት አልነበራቸውም? በእኛ አገር ፍትሐት ሲደረግ የሟች ስም ይጠራል። ስማቸውን ሳላውቅ ነፍሳቸውን ይማር ብያለሁ።

ለዕቃ ግዢ ጓንዡ የምትመላለሱ እኅቶችና ወንድሞች፣ ሙዚየሙ ለዩዌሺዩ ፓርክ ባቡር ጣቢያ ቅርብ ነው። ከገበያው ግማሽ ቀን ስረቁለት። መጀመሪያ ወደ መቃብሩ ራሱ ውረዱ፤ ክፍሎቹን በእግራችሁ ለኩ፤ የጄዱን ልብስ ከዚያ በኋላ እዩት። ልጆች ካሉም ውሰዷቸው፤ ስለ 15ቱ ሰዎች ሲጠይቋችሁም አትሸሽጓቸው።