አክተር የሌለው ፊልም

ጎንደር ፒያሳ ላይ ጣልያን ጥሎት ከሄደው ሕንፃ ሁሉ ለልጅ ልብ የሚቀርበው ሲኒማ ቤቱ ነበር። ጣልያን ከተማዋን የያዘው በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ነው፤ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ተሸንፎ እስኪለቅ ድረስ ባሉት ዓመታት ከፋሲል ግቢ አጠገብ የራሱን ከተማ ዘረጋ። ፖስታ ቤቱንም ሲኒማ ቤቱንም ያቆመው ለራሱ ሰዎች ብሎ ነው። እሱ ሄደ፣ አዳራሹ ቀረ፤ ወራሾቹ እኛ ሆንን።

እኔ የደረስኩበት የደርግ ዘመን ነው። ሰዓት እላፊው፣ ፍርሃቱ፣ የቀበሌው ስብሰባ ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ የሕንድ ፊልም ነበረ። የኦቾሎኒና የሱፍ ነጋዴዎች በር ላይ ይደረደራሉ፤ ቲኬት ቆራጩ ከከንቲባው በላይ ይፈራል። መብራቱ ሲጠፋ የሚጀምረው ጫጫታ ግን ዛሬ ሲኒማ ለሚገባ ወጣት ብነግረው የሚያምነኝ አይመስለኝም። ዝም ብሎ ማየት ነውር ይመስል ነበር። ጩቤ የያዘ ሰው አክተሩን ከኋላው ሲጠጋው አዳራሹ በአንድ አፍ «ዙር! ከኋላህ ነው!» ይላል። ካልዞረ ይሰደባል፤ ከዞረ ይጨበጨብለታል። እናትና የጠፋ ልጅ ሲገናኙ ነጠላ ወደ ዓይን ይሄዳል። ፊልሙ ከተቆረጠ ደግሞ ፉጨቱ ጣሪያ ይነቅላል፤ እላይ ማሽኑ ዘንድ ያለው ሰውዬ ሰባት ትውልዱ ይረገማል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ማንም የማይጥሰው አንድ ሕግ ነበረ፦ አክተር አይሞትም።

አንድ ቀን ታዲያ ከዋናው ፊልም በፊት ስለ ዱር እንስሳት የሚያወራ አጭር ፊልም ገባ። የየት አገር ሥራ እንደሆነ የጠየቀም አልነበረም። ሰፊ ሜዳ፣ ረጅም ሣር፣ የሚግጡ ሚዳቋዎች፣ ሣሩ ውስጥ ያደፈጠች እንስት አንበሳ። አዳራሹ ግራ ገባው። ከኋላ አንዱ ጮክ ብሎ «አክተሩ ማነው?» አለ። ሳቅ ሆነ፤ ጥያቄው ግን የሁላችንም ነበር። ኪሳችን ውስጥ ያለው ሳንቲም ሁሉ የአንበሳ ራስ አለበትና ግማሹ ሰው ለአንበሳዋ ወገነ። ሌላው ግማሽ፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ሚዳቋዋን «ሩጪ! ሩጪ እናቴ!» እያሉ አበረታቱ። ሚዳቋዋ ተያዘች። አዳራሹ ተቆጣ፤ ገንዘባችን ይመለስ ያለም ነበር። ያ ፊልም ክፉውንና ደጉን ለይቶ አልነገረንም፤ እኛም ለዚያ አልተዘጋጀንም ነበር።

እኛ የሰው አገር ሜዳ ስናይ የእኛው ተራራ በሰው ካሜራ ሲታይ ኖሯል። ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ሄደው ደባርቅ ሲደርሱ የሰሜን ተራሮች ይጀምራሉ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ዌልሳዊው ክላይቭ ኒኮል የዱር አራዊት ጥበቃ ዋርደን ሆኖ መጣ፤ ፓርኩ በአዋጅ የተቋቋመው ደግሞ በ1962 ዓ.ም. ነው። በ1960ዎቹ እንግሊዛዊው ሮቢን ደንባር ሳንቃበር ላይ ድንኳን ተክሎ የጭላዳን ማኅበራዊ ኑሮ ሲያጠና ከረመ። በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት ቦታዎች ሲመዘግብ ከላሊበላ ጋር የሰሜን ተራሮች እዚያ ውስጥ ነበሩ። ከዚያ የእርስ በርስ ጦርነቱ ተራራውን ዋጠው፤ ለዓመታት ፓርኩን የሚጠብቅም የሚጎበኝም ጠፋ። ሰላም ሲሆን ተመራማሪው ተመለሰ፣ ካሜራውም ተከትሎት መጣ። በ1995 ዓ.ም. በታየው የቢቢሲ ተከታታይ ፊልም የተፈጥሮ ፊልም ተራኪው ዴቪድ አተንቦሮ ጭላዳዎቹ መሀል ቁጭ ብሎ ሲያወራ ዓለም አየው። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ያው ጣቢያ ፕላኔት ኧርዝ የተባለውን ታላቅ ሥራውን ሲያወጣ፣ ስለ ተራሮች በሚተርከው ክፍል ውስጥ ጭላዳውም ዋልያውም ነበሩበት።

ይህን ያየ ከለንደን እስከ ቶኪዮ ስንት ሚሊዮን ሕዝብ ነው። ደባርቅ የደረሰው ግን ዘግይቶ፣ ተገልብጦ፣ ሳጥኑ በተሰነጠቀ ሲዲ ነው። ምንጩ ለአስጎብኚ ልጆች ስጦታ የተወ ፈረንጅ ነው ይባል ነበር።

በዚያን ጊዜ ደባርቅ በሥራ ምክንያት እመላለስ ነበር። የቪዲዮ ቤቶች ዘመን ነው። ግድግዳው በጭቃ የተመረገ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ አግዳሚዎቹ ከባሕር ዛፍ የተላጉ፤ ፊት ለፊት ከፍ ብሎ የተሰቀለ ቴሌቪዥን። ኳስ ያለ ቀን ማንቸስተርና አርሴናል ያጣሉታል፤ ኳስ ከሌለ የቻይና ድብድብ ይታያል። የገበያ ቀን ከሆነ አመሻሹ ላይ ከገጠር የወጣ ሰው ዱላውን በር ላይ አስቀምጦ፣ ጋቢውን እስከ ጆሮው ጠቅልሎ ይገባል። ሲዲው የገባው እንዲህ ባለ ምሽት ነው። አስጎብኚው ልጅ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ እንግሊዝኛውን እንዲተረጉም ተስማማ፤ ባለቤቱም አንድ አንድ ብሩን ሰበሰበ።

መጀመሪያ የመጣው ከአየር የተነሣው ገደል ነው። ቤቱ ፀጥ አለ። እነዚህ ሰዎች ገደሉን ከጫፉ ቆመው ቁልቁል ሲያዩት ኖረዋል፤ ፍየል ሲወድቅባቸው ሥሩን ዞረው ሬሳውን ፈልገዋል። ከፊት ለፊቱ፣ ከሰማይ፣ እንደ አሞራ ተንሳፍፎ ግን ያየው አልነበረም። አንዲት እናት «እግዚኦ! እዚያ ላይ ነው የምንኖረው?» አሉ። ወዲያው ክርክሩ ተነሣ፦ ይህ እሜት ጎጎ ነው፣ አይደለም ጨነቅ ነው፣ ኧረ ተወኝ ያችን ዓለት የማላውቅ መስሎሃል? አስጎብኚው ዝም አሰኝቶ ለመተርጎም ቢሞክርም የሚሰማው አጣ። የፊልሙ ተራኪ ያልጠራውን የቦታ ስም ሁሉ ተመልካቹ እየተቀባበለ ጠራው።

ቀጥሎ ጭላዳው መጣ፤ በመቶዎች ሆኖ ሣር እየነጨ። ቤቱ ፈነዳ። አንድ አባት ከአግዳሚው ብድግ ብለው «ይህን ለማየት ነው እንዴ ብር የከፈልሁት? ልጄ ክረምት ከበጋ በወንጭፍ የሚያባርራቸው አይደሉም?» አሉ። አጠገባቸው ያለው ጎልማሳ ደግሞ ጣቱን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስሮ «እችን ያወቅኋት ይመስለኛል፤ ያምና ገብሴን የጨረሰችው ናት» አለ። አስጎብኚው ጭላዳ ከዝንጀሮ ወገን ሁሉ ተለይቶ ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ መሆኑን፣ የፊልሙ ሰዎችም ይህን እንደሚያደንቁ ተናገረ። «አዎ» አሉ አባት፣ «ገብስም ሣር ነው።» ሳቁ እስኪበርድ አንድ ሁለት ትዕይንት አለፈ። ቆይቼ ሳስበው ግን ሰውየው አልተሳሳቱም፤ ገብስ በእውነትም የሣር ወገን ነው፤ የገበሬውና የጭላዳው ጠብ ሥሩ እዚያ ላይ ነው።

ወንዱ ጭላዳ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱንና ድዱን ሲያሳይ ልጆቹ ሁሉ እየገለበጡ አሳዩት። በደረቱ ላይ ስላለው ቀይ ቆዳ አስጎብኚው ሲያስረዳ ጎበዝ ነበር፦ ሌላው ዝንጀሮ ምልክቱ ከኋላው ነው፣ ጭላዳ ግን ቀኑን ሙሉ በመቀመጫው ተቀምጦ ስለሚግጥ ምልክቱን ወደ ፊት አመጣው አለ። «ብልህ ነው፣ ተቀምጦ የሚያሳይ!» አለ አንዱ። ዋልያዎቹ ቀንድ ለቀንድ ሲጋጩ ደግሞ ኳስ የሚታይ መሰለ። ግማሹ ለዚህኛው፣ ግማሹ ለዚያኛው ጮኸ፤ ተሸንፎ ገደል ለገደል የሸሸውን የሚያጽናናም አልጠፋ። እዚህ ቤት «አክተሩ ማነው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የሚያውቁት አገር፣ የሚያውቁት አውሬ፣ የሚያውቁት ጠብ ነውና እያንዳንዱ የራሱን አክተር ይዞ ነው የገባው።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን ፓርኩ ውስጥ ከነበረችው የግጭ መንደር የመጡ አንድ ሽማግሌ የተናገሩት ነው። ቀይ ቀበሮ በፊልሙ ላይ ለጥቂት ጊዜ ብቅ ሲል፣ ሰው ሁሉ በግ በላ እያለ ሲረግመው፣ እሳቸው ዝግ ባለ ድምፅ «ቀበሮው ከጭላዳው መሀል እየገባ ዓይጥ ይይዛል፤ ጭላዳውም አይሸሸውም፣ ተጎራብተው ነው የሚውሉ። ይህን ለምን አላሳዩም?» አሉ። ወጣቶቹ ሳቁባቸው። አስጎብኚውም በጨዋነት አለፋቸው። ከዓመታት በኋላ በመንዝ ጓሳ ሲያጠኑ የነበሩ ተመራማሪዎች ያንኑ ነገር በ2007 ዓ.ም. አሳትመው አነበብሁ፦ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሀል ሆኖ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶው ብቻ። ሳይንሱ የሽማግሌውን ነገር በቁጥር አስቀመጠው።

ከዚያ ቪዲዮ ቤት ጋር ለማነጻጸር ያህል፣ በጥር 2012 ዓ.ም. በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ ኤፕኮት በተባለው የዲዝኒ መናፈሻ ውስጥ ስለ ምድራችን የሚናገር አሥር ደቂቃ ያህል የሚፈጅ አዲስ ፊልም ተከፈተ። ተራኪው የቤት ደላላ ሆኖ ነው የሚቀርበው፤ ምድርን ለገዢ እንደሚያሳይ ሰው ውበቷን ይዘረዝራል፣ መጨረሻ ላይ ቤቱ እየተበላሸ መሆኑን ያስጠነቅቃል። ሐሳቡ ብልህ ነው። ተመልካቹ ግን የመጣው ከሩቅ ነው፤ የሚያየውን ተራራ አይኖርበትም፤ ደላላውንም «ውሸትህን ነው፣ ጣሪያው ያፈሳል» የሚል የለም። ያንን የሚሉት ደባርቅ ቪዲዮ ቤት ውስጥ አግዳሚ ላይ ነበሩ።

ያ ዘመን አለፈ። ቪዲዮ ቤቱን መጀመሪያ የሳተላይት ዲሽ ጎዳው፣ ቀጥሎ ስልክ ጨረሰው። ጎንደርም ቢሆን ሰው ቅዳሜን ሲኒማ በር ላይ ተሰልፎ የሚጠብቅበት ጊዜ አልፏል። ግጭም በቦታው የለም፤ የመንደሩ ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፈሩ። ፓርኩ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ሰፍሮበት ከነበረው በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ በ2009 ዓ.ም. ወጣ፤ ለዚህም የሰዎቹ መነሣት አንዱ ምክንያት ነበር። ለዱር አራዊቱ መልካም ሆነ፤ ያንን ተራራ በስም በስሙ የሚጠራው አፍ ግን ከተራራው ወረደ።

አብሮ በማየትና ለብቻ በማየት መካከል ያለው ልዩነት የገባኝ በ2011 ዓ.ም. የጸደይ ወራት ነው። የግጭ ሣር ሲቃጠል፣ እሳቱን ለማጥፋት ከእስራኤል ድረስ ባለሙያዎች ሲመጡ፣ ያንን ሁሉ በስልክ አየነው። እኔ ጎንደር ቤቴ፣ ሌላው አዲስ አበባ፣ ሌላው ዋሽንግተን፤ እያንዳንዳችን ለየብቻችን፣ መዳፋችን ውስጥ። አለቀስን፣ ልብ የሚመስል ምልክት ላክን። ግን ማንም ብድግ ብሎ «ያ ገደል እኮ የእነ እገሌ ግጦሽ ነው፣ እሳቱ በዚያ በኩል ከዞረ ዓይጡም ቀበሮውም አለቀ» ሲል አልሰማሁም። ማወቁ ሳይጠፋ የሚነገርበት ቤት ጠፍቶ ነበር።

ስለ ድሮ ሳወራ ድሮ ሁሉ ደግ ነበር እያልሁ አይደለም። ሲኒማ ቤታችን ቁንጫም ነበረው፣ ፍርሃትም ነበረው፤ ቪዲዮ ቤቱም ተማሪ ከትምህርት ያስቀር ነበር። የምለው አንድ ነገር ነው፦ በእኛ ዘንድ ፊልም የሚያልቀው ተመልካቹ የራሱን ሲጨምርበት ነበር። ስለ ተፈጥሮ የሚሠራ ፊልም ደግሞ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ይህን ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ካሜራው ወራት ቢከርም እንግዳ ነው፣ ገበሬው ግን ነዋሪ ነው።

ስለዚህ በሰሜን ተራሮች ፊልም ለሚሠሩ፣ ፈቃድ ለሚሰጡ፣ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤትና ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምጠይቀው ይህን ነው። የተቀረጸው ፊልም ወደ ውጭ ከመሄዱ በፊት ወይም ከሄደ በኋላ፣ በአማርኛ ተተርኮ፣ በነጻ፣ ደባርቅ ላይ፣ በገበያ ቀን ይታይ። ከግጭ የወጡት ሽማግሌዎችና እናቶች ፊት ወንበር ላይ ይቀመጡ። ሲያዩ የሚሉትም ይቀረጽ፤ የገደሉን ስም፣ የአውሬውን ጠባይ፣ የገብሱን ክርክር የሚያውቁት እነሱ ናቸውና። ከእነሱ ብዙዎቹ አርጅተዋል፤ ሥራው የዚህ ዓመት ሥራ ነው።