ከደመወዝ በተረፈች ገንዘብ የጌም ኮምፒውተርን ስለ ማሻሻል

አንባቢ ሆይ! ዲላ ከተማ ተቀምጠህ፣ ወይም ወናጎና ይርጋ ጨፌ በአንዱ ጽሕፈት ቤት ተቀጥረህ፣ ከደመወዝህ ቆጥበህ የገዛሃት አንዲት ያገለገለች ኮምፒውተር ካለችህ ይህ ጽሑፍ ላንተ ነው። ኮምፒውተሯ ደብዳቤ ትጽፋለች፣ ፊልም ታሳያለች፤ ጌም ሲጭኑባት ግን እንደ ደከመች በቅሎ ዳገት መካከል ትቆማለች። ጌም የሥራ ፈት ነገር ነው የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ፤ ከእነርሱ ጋር አልከራከርም። ዳሩ ግን ቀኑን ሙሉ መዝገብ ሲያገላብጥ የዋለ ሰው ማታ ከቤቱ ቁጭ ብሎ ቢጫወት ከብዙ ሌላ የማታ ወጪ ይረክሳል ብዬ አምናለሁ። የእኔ ጉዳይ፣ ጥቂት ገንዘብ በእጅህ ሳለ ከሁሉ አስቀድመህ የትኛውን ዕቃ ልትገዛ ይገባሃል? የሚለው ነው።

ጥያቄውን ወደ ቤቴ ያመጣው ታናሽ ወንድሜ ነው። በዲላ ዩኒቨርስቲ ይማራል፤ በኮምፒውተሩም የጓደኞቹን የጥናት ጽሑፍ እየተየበ ለራሱ ወጪ ይተዳደርበታል። እንግዲህ መሣሪያው ተበላሽቶ አንድ ወር ቢቆም የሚቀርበት ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ እንጀራውም ነው። በቡና ለቀማ ወራት እናታችን ቀይ እሸቱን ሸጣ ጥቂት ጨመረችለትና እኔ ዘንድ መጣ።

«ጋሼ፣ ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ልገዛ ነው» አለኝ።

የመረጠው አር ኤክስ 580 የሚባለውን ነበር። ካርዱ መልካም ነው። ነገር ግን «በመጀመሪያ ኬዙን ክፈትና ያለህን ዕወቅ» አልሁት፤ አንተም እንዲሁ አድርግ። የወንድሜ ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010፣ ቆሞ የሚቀመጠው ዐይነት ነው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ ፋይቭ 3470፣ ራሙ 4 ጊጋ ባይት፣ ሥዕሉን የሚያወጣው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ደካማ ግራፊክስ ነው፤ ይኸውም ከዚያችው 4 ጊጋ ባይት ላይ ይበደራል። ፓወር ሳፕላዩ የ275 ዋት ሲሆን ለግራፊክስ ካርድ የተለየ የኃይል ገመድ የለውም። አር ኤክስ 580 ግን ብቻውን 185 ዋት ያህል ይፈልጋል፤ ደግሞም ያ የሌለው ገመድ ካልተሰካበት አይነሣም። ወንድሜ ያንን ካርድ ገዝቶ ቢሆን ኖሮ የእናታችን ቡና በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አቧራ ይጠጣ ነበር።

በዚህ ምክንያት ምርጫችን ኃይሉን ከማዘርቦርዱ ብቻ ወደሚወስዱት ካርዶች ዞረ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ረጅሙ መሰኪያ በደንቡ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጂ ቲ ኤክስ 1050 ቲ አይና በ2019 የወጣው ጂ ቲ ኤክስ 1650፣ ሁለቱም ባለ 4 ጊጋ ባይት፣ በዚሁ ልክ የተሠሩ ናቸው። ሆኖም ከ1650 ወገን ተጨማሪ ገመድ የሚሹ አሉና ካርዱን ገልብጠህ እይ። የአንተ ኮምፒውተር ቀጭኑ ዐይነት ከሆነ ደግሞ ቁመቱ ግማሽ የሆነ ካርድ ያስፈልግሃል፤ ውፍረቱም ይለካ። ማስመሪያ ይዞ መለካት አያሳፍርም። ከዲላ አዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሱቁም ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ተጽፎ ታገኛለህ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ላስጠንቅቅህ። በገበያ ላይ 1050 ቲ አይ ተብሎ የሚሸጥ ሐሰተኛ ካርድ አለ። ውስጡ እ.ኤ.አ. በ2010 ወይም በ2011 የወጣ አሮጌ ቺፕ ሆኖ ሳለ ስሙ ብቻ በሶፍትዌር ተለውጧል። ጂፒዩ ዜድ የሚባለው በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ያጋልጠዋልና በፍላሽ ይዘህ ሂድ፤ ሻጩ ካርዱን ሰክቶ እስኪያሳይህም ገንዘብህን ከኪስህ አታውጣ። ሌላም ምልክት አለ፤ የእውነተኛው ቺፕ ትውልድ ለአሮጌው ሰማያዊ ቪጂኤ መሰኪያ አልተሠራም፤ ስለዚህ ቪጂኤ ያለበት 1050 ቲ አይ ስታይ ተጠራጠር። ይህ ለወንድሜ ሌላ ጣጣ አመጣበት፤ ሞኒተሩ ቪጂኤ ብቻ የሚቀበል የድሮ የቢሮ ሞኒተር ነውና ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚለውጥ ትንሽ መሣሪያ መጨመር ግድ ሆነ። ይህችን መሣሪያ በሒሳቡ የሚያስገባት ሰው ጥቂት ነው።

ከካርዱ በፊት ግን ራም ገዛን። የጌዴኦ ገበሬ የቡና ችግኝ ሲተክል እንሰቱንና ዛፉን፣ ማለት ጥላውን አስቀድሞ ያስባል። (ይህ የገበሬው ጥበብ ነው እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው።) ለግራፊክስ ካርድም ራም እንደዚያ ጥላ ነው። የምትገዛው ዲዲአር 3፣ የዴስክቶፕ ይሁን፤ ዲዲአር 4 ከመሰኪያው አይገባም፣ የላፕቶፑም አጭር ነው። አንድ ባለ 8 ከመግዛት እኩል የሆኑ ሁለት ባለ 4 መግዛት ይሻላል፤ ፕሮሰሰሩ ከሁለቱ በአንድ ጊዜ ያነባልና። ቀጥሎ ኤስ ኤስ ዲ ነው። በዚህ ማዘርቦርድ ላይ እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆነው ዐይነት መሰኪያ ስለሌለው ሳታ የሚባለውን ውሰድ። ኤስ ኤስ ዲ የጌሙን ሥዕል አያፈጥንም፤ ኮምፒውተሩ ቶሎ እንዲነሣ ግን ያደርጋል፤ ለወንድሜ የትየባ ሥራ ከካርዱ ይልቅ የጠቀመው ይኸው ነው።

ይህ ሁሉ ምን አስገኘ? ትለኝ ይሆናል። ጂ ቲ ኤ 5 እ.ኤ.አ. በ2015 ለኮምፒውተር ሲወጣ ሠሪዎቹ ይመከራል ብለው የጻፉት ፕሮሰሰር ይኸው አይ ፋይቭ 3470 ነበር፤ ራሙም 8 ጊጋ ባይት። ስለዚህ ያለ ችግር ይጫወተዋል። በ2023 የወጣው የኳስ ጌም፣ ኤፍ ሲ 24፣ በትንሹ 1050 ቲ አይን ይጠይቃል፤ ፕሮሰሰሩን ግን ከዚህ በሦስት ትውልድ የሚበልጥ ይሻል። ለአዳዲሶቹ ጌሞች ሲባል በዚህ መሣሪያ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ከንቱ ነው። የካርዱ ሠሪ ኤንቪዲያም ለ1050 ቲ አይ ትውልድ አዲስ የጌም ድራይቨር ማውጣቱን በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 10ም በዚያው ወር መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ኮምፒውተር ገና ያልገዛህ ከሆንህ፣ ትንሽ ታገሥና ስምንተኛ ትውልድ ኢንቴል ያለበትን ያገለገለ ኮምፒውተር ፈልግ፤ ዊንዶውስ 11ን በደንቡ የሚቀበለው ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። የገዛህ ከሆንህ ግን ባለህ ላይ በልክ ጨምር።

ዋጋውን ያልጻፍሁት ሆን ብዬ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ በቁሙ አይገኝም፤ ከመሳፈርህ በፊት ለሦስት ሱቅ ስልክ ደውል።

ከሁሉ የተከራከርንበት ስታብላይዘሩ ነበር። ወንድሜ በዚያ ገንዘብ ከ1050 ቲ አይ ወደ 1650 ከፍ ልበል አለ፤ እኔ ስታብላይዘር ይቅደም አልሁ። መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ምን እንደሚያደርግ አንተም ታውቃለህ። በ1650 የሚገኘው ፍጥነት ደስ ያሰኛል፤ ፓወር ሳፕላዩ ቢቃጠል ግን የሰው ጽሑፍ ተይቦ የሚከፈለው ገንዘብ ይቆማል። ሁለት ቀን አኩርፎኝ ሰነበተና በሦስተኛው ቀን ስታብላይዘሩን ተሸክሞ ገባ። ስታብላይዘር መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን አያቆይም፤ ያ የዩፒኤስ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ሲተይብ በየጥቂት ደቂቃው ሴቭ ያደርጋል።

አሁን ደግሞ በዚያው ማዘርቦርድ ላይ ስለሚገባው አይ ሰቨን 3770 ይጠይቀኝ ጀምሯል። የሚመጣው ቡና እስኪለቀም ቆይ ብዬዋለሁ።