አፍ የፈታ ፓስፖርት

«አፍ መፍቻ ቋንቋ» የሚለው አነጋገራችን ደስ ይለኛል። ሕፃን በእናቱ ጉያ ሆኖ አፉን የሚፈታበት ማለት ነው። በውጭ አገር የእንግሊዝኛ መምህራን ገበያ ግን አፍ የምትፈታው እናት አይደለችም፤ ኢሚግሬሽን ነው።

እስቲ ደቡብ ኮሪያን እንውሰድ። እዚያ እንግሊዝኛ ለማስተማር የሚሰጠው ቪዛ «ኢ-2» ይባላል። ከልዩ ስምምነት በቀር የሚያገኙት የሰባት አገር ዜጎች ናቸው፤ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የካናዳ፣ የአውስትራሊያ፣ የኒውዚላንድ፣ የአየርላንድና የደቡብ አፍሪካ። ዲግሪ ይጠየቃል፤ በቋንቋ ትምህርት መሆን ግን የለበትም። ጂኦሎጂ ያጠና የሃያ ሁለት ዓመት ካናዳዊ በቂ ነው።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በእንግሊዝኛ ማስተማር ማስትሬቱን ይዟል። ለዚህ ሥራ አመለከተና በስልክ ቃለ መጠይቅ ተደረገለት። ጥሩ ሲነጋገሩ ቆይተው፣ «ለመሆኑ የየት አገር ፓስፖርት ነው የያዝከው?» አሉት። «የኢትዮጵያ» አለ። ወሬው እዚያ ላይ አለቀ። ማታ ደወለልኝና፣ «ጋሼ፣ እንግዲህ እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያስተማርኩት የማንን ቋንቋ ነው?» አለኝ።

ጥያቄው ቀልድ አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. በተደረገው የደቡብ አፍሪካ ሕዝብ ቆጠራ መሠረት በቤቱ እንግሊዝኛ የሚናገረው ከመቶ ዘጠኝ እንኳ አይሞላም። ቤቱ ዙሉ የሚናገር፣ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ያዳበረ መምህር ሴኡል ገብቶ ያስተምራል። እሰየው! ይገባዋል። ግን ያስገባው የእናቱ ቋንቋ ነው እንዴ? ፓስፖርቱ ነው የተናገረለት።

ሮበርት ፊሊፕሰን የተባለ ምሁር በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን እምነት ስሕተት ሲል ጠርቶታል። «ተመራጩ መምህር አፉን በእንግሊዝኛ የፈታው ነው» የሚለውን አስተሳሰብ በ1961 እ.ኤ.አ. ዩጋንዳ ማከሬሬ ላይ ከተደረገ ጉባኤ ጋር ያያይዘዋል። በዓመቱ፣ በ1962፣ ከ270 በላይ የሰላም ጓድ ወጣቶች ከአሜሪካ አገራችን ገቡ። ብዙዎቹ ከኮሌጅ የወጡ እንጂ ሙያቸው ማስተማር አልነበረም። ደህና ሠርተዋል፤ ውለታቸውን አንክድም።

የእኔን ትውልድ ግን በብዛት ያስተማሩን ሕንዶች ናቸው። የእኔው መምህር ከኬረላ የመጡ፣ በቤታቸው ማላያላም የሚናገሩ ሰው ነበሩ። አነጋገራቸውን እየቀዳን እንስቅ ነበር። ሰዋስው ላይ ሲደርሱ ግን ሳቅ የለም። ቋንቋውን ራሳቸው ደክመው የተማሩት ስለነበር እኛ የምንሰናከልበትን ድንጋይ ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። አፉን የፈታበት ሰው እንዲህ ነው ይላል፤ ለምን እንዲህ እንደሆነ ማስረዳት ግን ሌላ ሙያ ነው።

በእርግጥ የእኛም እንግሊዝኛ ደህና ነው ማለት አይቻልም። ዘጠነኛ ክፍል ገብቶ የመማሪያ መጽሐፉን ማንበብ የሚያቅተው ልጅ ስንት ነው! ስለዚህ መምህሩ ይፈተን፤ ያስተምርና ይታይ። ካልቻለ ይውደቅ። ያ ልጅ የተጣለው ግን ወድቆ አይደለም፤ ሳይፈተን ነው።

ታዲያ ኮሪያን ብቻ ለምን እንወቅሳለን? እዚሁ አዲስ አበባ፣ በምዝገባ ሰሞን፣ «ፈረንጅ አስተማሪ አላችሁ?» የሚል ወላጅ ሞልቷል። አንዳንዱ የግል ትምህርት ቤትም ገበያውን ስላወቀ የፈረንጁን ፎቶ በራሪ ወረቀቱ ላይ ይለጥፋል። ጎን ለጎን የሚያስተምረው አበሻ ፎቶውም የለ፣ ደመወዙም ያው የምናውቀው ነው።

የኮሪያን ሕግ ኮሪያዊ ያውጣ። እኛ ግን የመምህሩን የትውልድ አገር ትተን፣ «ማስተማሩን ይችልበታል ወይ?» ብለን ለመጠየቅ የማንም ኤምባሲ ቪዛ አያስፈልገንም።