ፈረሰኛው የማን ነው?

የእኛና የፈረንጆቹ ገና የሚራራቁት በ13 ቀን ነው። አገር ቤት ላለ ሰው ይህ የጨዋታ ማድመቂያ ነው፤ “ለአንዱ ገና እንኳ ኪሳችን አልቻለ፣ ጭራሽ ሁለት!” እያልን እንሳሳቅበታለን። ውጭ አገር ለሚማር ሰው ግን 13ቱ ቀናት ቀልድ አይደሉም። የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የሚዘጉት ለራሳቸው ገና ነው፤ የሚከፍቱትም አዲስ ዓመታቸው ባለፈ በሳምንቱ ገደማ። ስለዚህ “ለበዓል አገሬ ልግባ” ያለ ሐበሻ ተማሪ የሚደርሰው በጾም፣ የሚመለሰው ጾሙ ሊፈታ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ለበዓል መጥቶ በዓሉን ሳያይ መሄድ ማለት ይኼ ነው።

በ2001 ዓ.ም. ይህ ዕጣ ለእኔም ደርሶኛል። የሥነ ጽሑፍ መምህር ሳለሁ ለአንድ ዓመት ጀርመን አገር ተልኬ ነበር። በታኅሣሥ መጀመሪያ የዶርም ጎረቤቶቼ ስለየቤታቸው ሲያወሩ ሆዴ ባባ። ከስኮላርሺፕ ገንዘቤ ቆጥቤ ቲኬት ቆረጥኩ። ያን ዓመት ገና የሚውለው ረቡዕ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሰኞ ታኅሣሥ 27 ክፍል መገኘት አለብኝ። ቢሆንም እናቴን ማየት ራሱ በዓል ነው ብዬ መጣሁ።

ደብረ ብርሃንን የሚያውቅ የታኅሣሥ ውርጯን ያውቃል። ከጀርመን ብርድ ሸሽቼ እዚያው ገባሁ ማለት ነው። የጠበቀኝ ምግብ ሽሮ፣ ስልጆና የሱፍ ፍትፍት ነበር፤ ያመጣሁት ቸኮሌት ወተት ስላለው “ለገና ይቆይ” ተብሎ ሳጥን ውስጥ ገባ። በጓሮው ጥግ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ታስሯል። እናቴ ገበያው ሳይወደድ ብላ በኅዳር ገዝታ ስትቀልበው የከረመችው ነው።

“ይኼ ያንተ ነው” አለችኝ።

ዶሮ በባህላችን 12 ብልት ይወጣዋል፤ ፈረሰኛው የአባወራው ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ የበኩር ልጅ ነኝና ድርሻው ወደ እኔ ዞሯል። እናቴ የመመለሻዬን ቀን በስልክ ነግሬያት ታውቀዋለች፤ ግን አንድ ነገር ተፈጥሮ እቀራለሁ ብላ ሳታስብ አልቀረችም።

ቀኑ ሲቃረብ የቤቱ ወሬ ሁሉ ዶሮው ሆነ። አክስቴ ነገሩን በአጭሩ ልትቋጨው ፈለገች። “መንገደኛ አይደለም እንዴ? ይታረድለትና በልቶ ይሂድ። እግዜር ለዚህ ይቀየማል?” የንስሐ አባታችን ቡና ሊጠጡ ጎራ ሲሉ ጥያቄው ቀረበላቸው። እሳቸውም ለመንገደኛና ለታመመ ቤተ ክርስቲያን ትራራለች አሉና ፍርዱን ለእኔ ተዉት። እናቴ ሲኒውን እያጠበች ዝም አለች። ከቆይታ በኋላ፣ “ለከርሞ ማን ያውቃል?” አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለረከቦቱ የምትናገር ነበር የሚመስለው።

እምቢ አልኩ። የጾም ጽናት ይዞኝ አይደለም፤ ነገሩን በዓይነ ኅሊናዬ አየሁት። እናቴ ጨው እንኳ ሳትቀምስ ልትሠራው፣ እኔ ብቻዬን ልበላው፣ እነሱ ቁጭ ብለው ሊያዩኝ። እንዲህ ያለው ድግስ ምሳ እንጂ በዓል አይባልም። የበዓል ቁም ነገሩ አብሮ መጾምና አብሮ መፈሰክ ነው። ዶሮው ጓሮ እንደታሰረ ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ።

የገና ዕለት ከክፍል እንደወጣሁ ደወልኩ። “ፈረሰኛውን ማን በላው?” አልኳት፣ ላስቃት ብዬ።

“የሰው ልጅ በላልህ” አለችኝ። በዚያን ጊዜ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ከየአቅጣጫው የተመደቡ ልጆች በከተማው ውስጥ ይታዩ ጀምረዋል። ለገና የሚሰጣቸው እረፍት አንዲት ቀን ናት፤ በአንድ ቀን አርባ ምንጭ ደርሶ መመለስ አይታሰብም። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አንዱን መንገድ ላይ አግኝታ ይዛው ገብታለች። “አርባ ምንጭ ነው አገሩ። እናቱ ደውላ ስታለቅስ ሰማኋት። ያንተን ሰጠሁት።” ቀጥላም፣ “አንተንስ እዚያ ማን አበላህ?” አለችኝ።

እውነቱን ነገርኳት፤ ገና ማንም አላበላኝም። ስደት ላይ የሚኖር ሐበሻ ገናው የሥራ ቀን ላይ ከዋለበት ግብዣውን ወደ ቅዳሜ ይገፋዋል። እኛም ያን ሳምንት እንደዚያ ነበር ያሰብነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አይተናል። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት አንድ ሚሊዮን ዳያስፖራ ለገና አገሩ እንዲገባ ጥሪ ሲያደርግ፣ እኔ ያሰብኩት ስለማይመጡት ነበር። ቤሩትና ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ኮንትራቷ ሳያልቅ ንቅንቅ አትልም፤ ብዙ ጊዜ ኮንትራቱ ሁለት ዓመት ነው። ለእሷ የእኔ የጾም ጉብኝት እንኳ ቅንጦት ነው። ርቀት ደግሞ ባሕር መሻገር ብቻ አይደለም። እዚሁ አገር ውስጥ፣ ከቤቱ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚማር የ19 ዓመት ልጅ፣ በበዓል ቀን ከሰፈሩ የሚወጣው የወጥ ሽታ እንዴት እንደሚሆንበት ጠይቁት።

እናቴ ከዚያ በኋላ ስድስት ገና አክብራለች፤ አራቱን አብሬያት ነበርኩ። ከአርባ ምንጩ ልጅ በኋላም አንድ ተማሪ ሳይጠራ የታረደ ዶሮ በዚያ ቤት አልነበረም። ምክንያቷን ስጠይቃት አንድ ዓይነት መልስ ነበራት፤ “ያንተን ብድር እየከፈልኩ ነው። አንተንም እዚያ ያበላህ ሰው አለ።”

ቅዳሜ ደርሶ ዶሮ ወጥ ያቀረበችልኝ የወልድያ ሴት፣ በዚያ ከተማ አዛውንት ጠባቂ ሆና ትሠራ ነበር። ወጡን ስታወጣ ፈረሰኛውን ለእኔ ሰጠችኝ። እናቴ ይህን የሰማች ቀን ስሟን ጠይቃ በጸሎቷ ላይ ጨመረችው።

ዘንድሮም በየሰፈራችሁ ዩኒቨርሲቲ አለ። መልካም ገና።